ሳትታከም

ማን ነገራቸው? ጋዜጣው ጽሑፌን ያወጣው ያለ ስሜ ነው። የእኔ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

ሊይዙኝ የመጡት ሐይቅ ከተማ ከምሠራበት ክሊኒክ በሽተኛ እያየሁ ሳለ ነው። «ዶክተር፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉኝ። ነጭ ጋወኔን ሳላወልቅ መኪናው ላይ ወጣሁ። ውጫሌ ስንደርስ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆኜ ነበር።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አንዲት ልጅ እግር ሴት ከጆንያ ላይ ተነስታ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ከጅዳ ከተመለሰች ወር ያልሞላት፣ ኬላ ላይ በስልክሽ ፎቶ አነሳሽ ተብላ የታሰረች።

«አብሽሪ እታለም» አለችኝ። «ማዳሜ ሁለት ዓመት ቆልፋብኝ ኖሬያለሁ። ይሄ እንኳ መስኮት አለው።»

የጻፍኩት ይህ ነው። ጦርነቱ መንገዱን በዘጋበት ሰሞን፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ከአምባሰል በቃሬዛ ሲያወርዷት ኬላ ላይ «የይለፍ ወረቀት አምጡ» ተብለው ግማሽ ቀን ቆሙ። እኔ ዘንድ ስትደርስ ገላዋ ቀዝቅዞ ነበር። «ደም እየፈሰሳት፣ ሳትታከም ሞተች» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። በእኔ ስም የተዘጋጀ ማስተባበያ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ፈርመሽ ሂጂ። ብዙ አልነካካነውም፤ አንድ ፊደል ናት።»

አነበብኩት። «ስትታከም ሞተች» ይላል።

«ሳ የነበረችው ስ ሆናለች» አልኩ።

«ለአንድ ፊደል ብለሽ እዚህ ልትከርሚ ነው?»

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ፣ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር። እየሳቁብኝ ሳን ከስ ለይቻለሁ። ሳ አፍ ያስከፍታል፤ ስ ጥርስ ያስነክሳል። ይህን ግን አልነገርኩትም። እስክሪብቶውን እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ፊቱ ፈታ አለ።

የበሽተኛ ካርድ ላይ ስህተት ሲገኝ አይፋቅም፤ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክሉ ከላይ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርምበታል። እንደዚያው አደረግሁ። «ስ»ን ሰርዤ ከላይዋ «ሳ» ጻፍኩና አጠገቧ ፈረምኩ።

ቀደደው። ሌላ ቅጂ አስቀመጠ። እሱንም አረምኩ። ሦስተኛውንም።

«ቅጂ አለቀብኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ለልጅቷ ስነግራት ጆንያው ላይ ተንከባልላ ሳቀች። «ወላሂ፣ ደብተር አርመሽ መጣሽ በዪኛ!» ከዚያ ቀና ብላ፣ «እንግዲህ ቶሎ አንወጣም። ጆንያውን እኩል እንካፈለው» አለች።

ሁለት ወር ከረምኩ። ውጊያው ሲቃረብ ጠባቂዎቹ በሩን ከፍተው ሄዱ፤ እኛም ወጣን። ወደ ሥራዬ ለመመለስ ሌላ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከልጅቷ ሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ጀግና ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ እኔ ያረምኩት ፊደል ነው።

አምና የሟቿ ባል ሳል ይዞት ክሊኒክ መጣ። መድኃኒት ጽፌለት ከተነሳ በኋላ በሩ ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ የወረዳው መዝገብ ላይ ስትታከም ነው የሞተች ይላል አሉኝ። ቃሬዛውን የያዝሁ እኔ ነበርሁ። ሰው ሲደጋግምብኝ ጊዜ ግን፣ እኔ ይሆን የተሳሳትሁ እላለሁ።»

በሩን ዘግቼ አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት፤ መጋዘኑን፣ መርማሪውን፣ ሦስቱን ወረቀት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«እኔ ፊደል አልለይም፤ እስቲ ያሳዩኝ» አለ።

ማዘዣ ወረቀት ላይ «ስ»ንና «ሳ»ን ጎን ለጎን ጻፍኩለት። ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ጣቱን «ሳ» ላይ አሳረፈ።

«ይቺ አንድ እግሯ የረዘመው ናት?»

«እሷ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «እንግዲያስ አልተሳሳትሁም።»