ሳይቀምሱ ይስጡኝ

የያዙኝ ሀና ማርያም ከታክሲ ስወርድ ነው። ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ ሲቪል ለብሰዋል። አንደኛው ስልኬን አስከፍቶ «ይህን ያጋራኸው አንተ ነህ?» አለኝ። በውኃ ቦቴያቸው በር ላይ የቆሙ ሰው ፎቶ ነበር። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ከሥሩ «በየሰፈሩ የውኃ ሮቶ ውስጥ መርዝ የሚጨምረው ይህ ነው» ብሎ ጽፏል። እኔ ያጋራሁት «ውሸት ነው፤ ሪፖርት አድርጉት» ብዬ ነበር። ራሴም ሪፖርት አድርጌ «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ ደርሶኛል።

ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው አልተቆጣም። ሻዩን እያማሰለ «ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት» ብሎ ጻፈ። ስለ ቤት ፈረሳ የጻፍኳቸውንም አትሞ ከፋይሉ ጋር አያይዟቸዋል። ዋናው ነገር እሱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«አዋጁ እኮ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቱንም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ቶሎ አንሳ ይላል» አልኩት።

«ድርጅቱ ባሕር ማዶ ነው። አንተ እዚህ ነህ።»

እውነቱን ነው።

ያሰሩኝ ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ይሸታል። ሰዉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ በሩ ሥር፣ ጄሪካኑ አጠገብ ግን አንድ ጠና ያሉ ሰው ለብቻቸው ናቸው። ግንባራቸው ተሰፍቷል። ወዲያው አወቅኋቸው፤ የፎቶው ሰው ነበሩ። መካኒሳ ላይ ሰፈርተኛው ከቦቴያቸው አውርዶ ሲደበድባቸው ፖሊስ ደርሶ «ለራስህ ደኅንነት» ብሎ ያስገባቸው እዚህ ነው።

ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ ውኃ የማደሉን ሥራ ለእሳቸው ሰጥቷል። «ሙያህ አይደል?» ይላቸዋል እየሳቀ። ምሳ እንደተበላ ጄሪካኑን ይዘው ተነሡ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመስጠታቸው በፊት፣ ድግስ ላይ ጠላ ቀጂ እንደሚያደርገው፣ ከኩባያው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። ሰዉ ጉሮሯቸውን እያየ ይጠብቃል። አንዱ «አፍህን ክፈት» አላቸው። ከፈቱ። አንጀቴን በሉት።

እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ሳይቀምሱ ይስጡኝ።»

«ልቅመስልህ ልጄ፣ ግድ የለም።»

«አይቅመሱ።»

ኩባያውን ተቀብዬ ጨልጬ ጠጣሁት። ውኃው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ሰውየው ባዶውን ኩባያ ተቀብለው ዞሩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው ግን እስኪቀምሱለት ጠበቀ።

አሁን ሁለታችንም ወጥተናል። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሕግ ውይይት ሲኖር እሄዳለሁ፤ ድርጅቶቹ ይጠየቁ እላለሁ፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ያ ጽሑፍ ግን እስካሁን አልተነሣም። በቀደም ሪፖርት አድርጌው ያው መልስ መጣልኝ።

ሰሞኑን ሰውየውን ልጠይቃቸው ነፋስ ስልክ የተከራዩት ቤት ሄጄ ነበር። ቦቴውን ሸጠዋል። እየተጫወትን የልጅ ልጃቸው ውኃ ጠማኝ ብላ መጣች። ቀዱላት። ከዚያም መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ልጅቷ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ እስኪውጡ ድረስ ጠበቀች።