ከግድግዳው ወዲያና ወዲህ

እትዬ ብስኩት የሚሏት ብስኩት ስለምትወድ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሽገው ኖራ ገና ስታየው ያንገሸግሻታል። ባሏ ደግሞ ከብስኩት ፋብሪካው ግድግዳ ወዲያ፣ በሳሙና ፋብሪካው፣ ሳሙና ሠሪ ነበር። ሁለቱም ፋብሪካዎች የአንድ ባለሀብት ቢሆኑም የሚተያዩት እንደ ጣውንት ነው። የአንዱን አሠራር ለሌላው ያወራ እንደሚባረር ሁሉም ሠራተኛ ፈርሟል።

ባሏ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ባይ ስለሆነ፣ ቤቱ ገብቶ እንኳ ስለ ሳሙና ትንፍሽ አይልም። «የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ እንዲህ አይደባበቅም» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ክረምት ብስኩቱ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ይሰባበር ጀመር። ባለሱቆቹ እየመለሱ አስቸገሩ። አለቃዋም በዚህ ከቀጠለ የእሷ ክፍል እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገራት። የዚያን ዕለት ራት ቀርቦ አልበላ አላት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ባሏ ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ከምድጃ ስታወጡት የት ነው የምታቀዘቅዙት?»

«መስኮቱ ሥር ነዋ፤ ቶሎ እንዲበርድልን።»

«መስኮቱን ዝጉና ሸፍኑት፤ ቀስ ብሎ ይብረድ። ሳሙናም በትኩሱ ንፋስ ካገኘው ይሰነጠቃል። በቃ፣ ብይ አሁን።»

መስኮቱ ተዘጋ፤ ስብራቱም ቀረ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ ግን ወሬው ባለሀብቱ ጆሮ ደረሰና ባልና ሚስት ቢሮ ተጠሩ። በእኔ የተነሳ ሥራውን ሊያጣ ነው ብላ ሰጋች።

«የፈረምከውን ረሳኸው እንዴ?» አሉት ባለሀብቱ።

«አልረሳሁም፣ ጌታዬ። ግን ስታለቅስ ማየት አልችልም። እሷ ከምታለቅስ እኔ ብባረር ይሻለኛል።»

«ሁለቱም ኪስ የእኔ፤ ታዲያ ማን ከማን ነው የሚደብቀው?» አሉ ባለሀብቱ፤ ግድግዳው ላይም በር አስከፈቱ።

እንዴት ያለ ዘመን ነበር! ምሳ ሰዓት ሳሙናዎቹና ብስኩቶቹ በሩ ላይ ተቀላቅለው፣ አንዱ ስለ ማሸጊያው ሌላው ስለ ተበላሸ ማሽኑ ሲያወራ፣ እሷ ከባሏ ጎን ቁጭ ብላ ትበላ ነበር። ያ ሰዓት ዛሬም ይናፍቃታል፤ እሱ ካረፈ ወዲህማ ባሰባት።

አሁን ወጣቶቹ አለቆች አልፎ አልፎ ይጠሯትና «እማማ፣ ዕውቀት መጋራት እንዴት እንደተጀመረ ይንገሩን» ይሏታል። ስለ መስኮቱ ትነግራቸዋለች፤ ስለ በሩም። ባሏ ቢሮ ውስጥ ያለውን ግን አታነሳውም። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን እወድሻለሁ ብሏት አያውቅም፤ ያላት የፍቅር ቃል ያቺው ብቻ ናት። እሷን ለማንም አታካፍልም።