መተማ ላይ የጻፍኳቸው ስድስት መስመሮች

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ ባንክ የሚሠራው፣ ስልኩን ይዞ በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። "እትዬ ትርንጎ፣ እርስዎ የሒሳብ መምህርት አይደሉ? እስቲ ይቺን ይዩልኝ" አለኝ። ስክሪኑ ላይ አምስት ካርታ ተደርድሯል። ሁለቱ አሥር ናቸው፤ ከአምስቱ ደግሞ አራቱ ቀይ ልብ ናቸው። "ሁለቱን አሥር ልያዝ ወይስ አራቱን ልብ?"

"ልቦቹን ያዝ፣ ልብ ያልሆነውን አሥር ጣል" አልኩት። ሳላስብ ነው ያልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድና ደብተር ስታርም ብቻ የሚያውቃት ሴትዮ የቁማር ካርታ ታውቃለች ብሎ አልጠበቀም። እኔም ቢሆን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አፌ ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። እሱ ወደ ጨዋታው ሲመለስ የእኔ ሐሳብ ግን ቁልቁል ወርዶ መተማ ደረሰ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተመርቄ የመጀመሪያ ምደባዬ መተማ ዮሐንስ ሆነ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው። ከጎንደር የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጭልጋን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሹራቤን አወለቅሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ነጠላዬን፤ ሸኸዲ ስንደርስ የቀረኝ የማወልቀው ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ሳቀብኝና "ገና ምኑን አይተሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። መተማ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ሰውን ባለበት ያስቀምጠዋል። ሥራ የሚሠራው በጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል።

የተከራየሁት ክፍል የሐጂ ኑሩ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ ጨርቅና ሽቶ እያመጡ የሚሸጡ፣ ነጭ ጀላቢያቸው አቧራ የማይነካው የሚመስል ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከሱቃቸው አጠገብ ፉል በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት እንበላለን፤ የእኔን ሳይከፍሉ አይነሱም። ከሱቃቸው ማዶ ደግሞ ጋሽ ውብሸት ሻይ ቤት ነበራቸው። ጋሽ ውብሸት ዘመናቸውን ሁሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ወገባቸውን ሲያማቸው እዚያው መተማ የቀሩ ሰው ናቸው።

ማሽኑን ያመጡት እሳቸው ናቸው። በደረስኩበት ዓመት ኅዳር ላይ፣ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል የቁማር ክፍሉን ሲዘጋ በርካሽ ገዝተው፣ በፍራሽ ጠቅልለው በጓደኛቸው መኪና አስመጡት። ቁም ሳጥን የሚያህል ሆኖ ፊቱ ላይ ቴሌቪዥን አለው። ፖከር ይሉታል። ከጋሽ ውብሸት ክብ ብረት ትገዛለህ፤ አንዱን ስትከትለት አምስት ካርታ ያሳይሃል። የወደድከውን ይዘህ የቀረውን ትጥላለህ፤ በጣልከው ምትክ አዲስ ይሰጥሃል። የመጨረሻዎቹ አምስት ካርታዎች ከተመሳሰሉ ወይም ተከታትለው ከመጡ ብረት ይከፍልሃል፤ ጋሽ ውብሸት በብር ይመነዝሩልሃል። ያ ነው ሁሉ ነገሩ። ጄነሬተሩ ሲነሳ ማሽኑ ይነሳል፤ ሲጠፋ ይጠፋል።

እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ ጎራ እል ነበር። ሃያ ብረት እገዛለሁ፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ አዛለሁ፤ ሃያው ሲያልቅ ተነስቼ እሄዳለሁ። ሴት መምህርት እዚያ መቀመጧ መጀመሪያ ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በኋላ ለመዱኝ። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ አልነበረም የሚስበኝ። ያ ሳጥን ሒሳብ ነበር። ከሃምሳ ሁለቱ ካርታ አምስቱን አይቻለሁ፤ አርባ ሰባት ቀርቷል፤ አራት ልብ ከያዝኩ ከአርባ ሰባቱ ውስጥ ዘጠኙ ልብ ናቸው። ይህን ሳሰላ ሙቀቱ ይረሳኛል።

ማሽኑ ፊት ላይ የክፍያው ዝርዝር ተጽፏል። ያንን ገልብጬ ቤቴ ወስጄ ማስላት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ አራት ገጽ ሞላ፤ ሊገጥም የሚችለው ሁሉ በየተራው አለበት። ይዤው ሄጄ ስሞክረው ግን የሚያሳፍር ሆነ። ለአንድ ካርታ ሦስት ጊዜ ገጽ እገልጣለሁ፤ ከኋላዬ የቆመው ሾፌር "እንዴ፣ መምህርት፣ ፈተና ላይ ነሽ?" ይለኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ለጨዋታ ለሚመጣ ሰው አራት ገጽ አይሆንም። ስለዚህ ከትክክለኝነቱ ትንሽ ሰውቼ አሳጠርኩት፤ አሥራ ሁለት መስመር ሆነ፤ ከዚያ ስምንት፤ በመጨረሻ ስድስት። ትልቅ ጥንድ፣ ከአሥር በላይ የሆነ፣ ካለህ ያዝ፣ ሌላውን ሁሉ ጣል። ጥንዱ ትንሽ ከሆነና ምልክታቸው አንድ የሆነ አራት ካርታ ካለህ አራቱን ያዝ። ትንሽ ጥንድም ቢሆን ከነጠላ ንጉሥ ይሻላል። ጥንድ ይዘህ አጠገቡ ሦስተኛ ካርታ ስላማረህ አታስቀር። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት። በዚያ ሲጫወቱ ማሽኑ አሁንም ይበልጣል፤ ግን በጥቂቱ፣ በጣም በቀስታ። ኮርቼበት ነበር። ልኩን ማግኘት ከባድ አልነበረም፤ የደከመ ሰው በቃሉ የሚይዘው ልክ ማግኘት ግን ጥበብ ነው ብዬ አሰብኩ።

አዲሱ የሚባለውን ልጅ ያገኘሁት ያኔ ነው። ከጎጃም የመጣ ሳሉግ ነበር፤ በመኸር ጊዜ ከደጋ ወርደው በቀን ሥራ የሚያጭዱትን ሳሉግ ይሏቸዋል። ሽንፋ አካባቢ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ማሽላም ቆርጦ፣ ደመወዙን ሸሚዙ ውስጥ ሰፍቶ ወደ አገሩ ለመመለስ መኪና እየጠበቀ ነበር። መዳፎቹ በሰሊጥ አገዳ ተሰነጣጥቀዋል። ሦስት ቀን ከጎኔ ቆሞ ሲያየኝ ከረመና በአራተኛው ቀን አናገረኝ።

"እትዬ፣ እርስዎ ሲጫወቱ ቶሎ አያልቅብዎትም። ሌላው ሰው ወዲያው ነው የሚያልቅበት። ምንድን ነው ነገሩ?"

"ወረቀት አለኝ። ማንበብ ትችላለህ?"

"አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። የእርስዎን ጽሕፈት አነበዋለሁ።"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ሰጠሁት። እያነበበ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ። ክፍሌ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ እንደዚያ አይጠይቁኝም። ሲያወራኝ ጥር ላይ እንደሚያገባ ነገረኝ፤ በሃያ አንድ ከሚውለው ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ባለው እሑድ። ልጅቷ የጎረቤት መንደር ልጅ ናት። የጥሎሹ ልብስ ተገዝቷል፤ የቀረው የቤቱ ክዳን ነው። "ሣር ቤት አላስገባትም። ለቆርቆሮው ትንሽ ጎደለኝ" አለኝ። ያኔ የገና በዓል እንኳ አልደረሰም ነበር፤ ጊዜው ሩቅ መሰለኝ።

በሳምንቱ ስመጣ ወረቀቴ ማሽኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጋሽ ውብሸት ከአዲሱ ተቀብለው በትልቁ አስጽፈው፣ በላስቲክ ሸፍነው ነው የለጠፉት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር የምጠብቀው።

"አልከፋዎትም፣ ጋሽ ውብሸት?"

"ለምን ይከፋኛል? በፊት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶውን ይወጣና እኔንም ማሽኑንም ሰድቦ አይመለስም። አሁን ቁጭ ብሎ ይውላል። ሻይ ይጠጣል፣ ፉል ይበላል። ማሽኑም የራሱን ቀስ ብሎ ይወስዳል። ተባረኪ፣ ልጄ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከርከዴ ሒሳብ አይቀበሉኝም። እኔም ስቄ ጠጣሁ። ዛሬ ሳስበው የሚከብደኝ ያ ሳቅ ነው፤ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን ምስጋናውን ብቻ ሰማሁ።

ገና አለፈ። የአዲሱ ጓደኞች በጭነት መኪና ተጭነው ሄዱ። እሱ "በሚቀጥለው መኪና" ብሎ ቀረ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ፊት ነው። ስድስቱን መስመር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዟል፤ አንድም አይስትም። አንድ ቀን ይጨምራል፣ በማግስቱ ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ቀን ያው ይሆናል። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው እቆጥር ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ተማሪ ሲገባው ማየት የሚያመጣው ደስታ ነው።

ከጥምቀት በፊት አንድ ጠዋት ሐጂ ኑሩ ፉሉን እያጠቀሱ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ያ የጎጃሙ ልጅ አሁንም እዚያ ነው?"

"አለ፣ ሐጂ። ግን እየከሰረ አይደለም።"

"የጥጥ ለቀማ ተጀምሯል። ሥራ ይዟል?"

"አልያዘም።"

"ወደ አገሩስ?"

"ገና ነው።"

እጃቸውን ታጠቡና ፎጣውን በቀስታ አጠፉት። "እንግዲያ ምኑን ነው ያልከሰረው?" አሉኝ። ከዚያ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ።

"አዲሱ፣ ለምን አትሄድም?"

"ትናንት አራት እኩል ካርታ መጣልኝ፣ እትዬ። ወደ ቆርቆሮው እየቀረብኩ ነው።"

"እኔን አይተኸኛል። ሃያ እገዛለሁ፤ ሲያልቅ እነሳለሁ። ከዚያ አልፌ አንድ ቀን ተጫውቼ አውቃለሁ?"

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሊያፌዝብኝ አልነበረም፤ የእውነት እየፈለገ ነበር። ከዚያ ዞሮ "እሱ እዚህ ላይ የለም" አለኝ።

አልነበረም። ለእኔ ከመጀመሪያው ግልጽ ስለነበረ መጻፍ የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለኝም። ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ አወጣሁና ላስቲኩን ገልጬ ግርጌው ላይ ሰባተኛ መስመር ጻፍኩ፦ "ሃያ ገዝተህ ሲያልቅ ወደ ቤትህ ሂድ።" አዲሱ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ስመለስ የወረቀቱ ግርጌ በመቀስ ተቆርጧል። ጋሽ ውብሸት ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ እየጠረጉ ሰላም አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው ነው። እኔም እንደወትሮው ሰላም አልኳቸው። አዲሱም እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ጥምቀት ሆነ፣ አለፈ። ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ልቤ አላስችል አለኝና ማሽኑ ፊት ቆሜ ስክሪኑን በደብተሬ ከለልኩበት።

"ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት አይሆንም?"

"አሥራ ዘጠኝ ነው።"

ደንግጦ ተነሳ፤ ማሽኑ ውስጥ የቀረውን ብረት እንኳ አላወጣም። ጓዙን ከሚያድርበት ቤት አምጥቶ ጉምሩክ በር ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና እየለመነ ሲሮጥ አየሁት። አንዱ ጣራው ላይ፣ ከጆንያው በላይ፣ ጫነው። ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር። እጁን ሳያነሳልኝ ሄደ። ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ፤ ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ከሰርጉ እሑድ ጋር አልገጠመልኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ በየማሳው ታስሮ ሲቆም፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ አንድ ሰው "መምህርት" ብሎ ጠራኝ። አዲሱ ነበር። ትንሽ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። ከኪሱ ኩርኩራ የሚሉትን የቆላ ፍሬ አውጥቶ ዘገነልኝ፤ እየበላን አጥሩን ተደግፈን ቆምን።

"ሰርጉስ?" አልኩት በመጨረሻ።

"ተሠርጓል።" የኩርኩራውን ዘር ተፋ። "ድግሱ ተደግሷል፣ ሰው ተጠርቷል። አባቷ ምን ያድርጉ? ሙሽራው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እዚያው ለሚያውቁት ሰው ልጅ ዳሯት። እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ዳሱን እያፈረሱ ነበር።"

"ያንን ወረቀት ባልሰጥህ ኖሮ" ብዬ ጀመርኩ።

"ኧረ የለም፣ እትዬ። ወረቀቱ ልክ ነበር። አንድ ስህተት አላገኘሁበትም።" ሌላ ኩርኩራ አቀበለኝ። "ስህተት ቢኖርበት ኖሮ በሁለት ቀን ውስጥ ያልቅብኝና እሄድ ነበር።"

ወቀሳ አልነበረውም። እንዲያው ክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚመልስልኝ ተማሪ በሚመስል ድምፅ፣ ሲያስብበት የከረመውን መልስ ነገረኝ። ከዚያ የሚያጭድበት ማሳ ትራክተር መጣና ተጎታቹ ላይ ዘሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ማሽኑ እሱ ከመመለሱ በፊት በነበረው ክረምት ዝናብ ገብቶበት ተበላሽቶ ነበር፤ ጋሽ ውብሸት የሚጠግነው አላገኙም። እኔም ከዓመት በኋላ ተዛውሬ ወጣሁ።

ይኸው ጡረታዬ ደርሷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ሺህ ጥያቄ እንደመለስኩ አላውቅም፤ ትክክለኛ መልስ መስጠት ከሥራዬ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ጠያቂው መልሱን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ፣ መቼ መድረስ እንዳለበት መጠየቅ ነው ጊዜ የሚወስደው፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ ያ የእኔ ሥራ አይመስለኝም ነበር። አሁን እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ በሌለሁበት "ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር ሲጠይቋት አሥር ትጠይቃለች" እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው፤ አልተቀየምኳቸውም።