የሚካኤል ዕለት የተፈለጠ እንጨት

እንዳላማው አንሙት ከሮብ ገበያ በታች ባለችው አጥቢያ በመጥረቢያው የታወቀ ሰው ነበር። ሰርግ ሲደገስ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የወይራ ጉቶ ሲሰጡት ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ ሽብልቁን ከቦታው ያስገባል፣ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ በራሱ ፈቃድ የተከፈተ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር። አባቱ የሞቱት በችጋር ዓመት ስለሆነ ተዝካራቸው ሳይወጣ ሰባት ዓመት ሞላቸው። በዚያ አገር የአባቱን ተዝካር ያላወጣ ሰው ሸንጎ ላይ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

በጃንሆይ ዘመን ማለቂያ ገደማ ከደብረ ማርቆስ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ከመንደሩ ማዶ ካምፕ ተከሉ። ከዕቃቸው ጋር አንዲት ትንሽ ትራክተር መጣች፤ ከጀርባዋ የእንጨት መፍለጫ ታስሮባታል። ሞተሩ ተነሥቶ እጀታው ሲገፋ፣ በቱቦ የሚሄደው ዘይት ወፍራሙን ብረት ይገፋዋል፤ ብረቱም ግንዱን ከተተከለው ስለት ጋር ያጋፍጠዋል። ግንዱ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ይተረተራል። አንጓ ያለበት ግንድ ተጠማዝዞ ስለሚወጣ ሠራተኛው እጁን የት እንደሚያሳርፍ ማወቅ አለበት። እንዳላማው መጥረቢያውን ሰቅሎ በዚህች መኪና ላይ ተቀጠረ። ደመወዙም ለተዝካሩ ብቅልና ጌሾ፣ ለአንድ ወይፈንም ዋለ።

የካምፑ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሙነወር የሚባል የማርቆስ ነጋዴ ልጅ ነበር።

“ይቺ መኪና ከጥሩነሽ ይልቅ ትሰማሃለች አሉ” ይለዋል።

“ሚስቴም ዘይት ብትጠጣ ትሰማኝ ነበር።”

የመስከረም ሚካኤል ዕለት እንዳላማው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የካምፑ አለቃ አስጠራው። ዝናቡ ማገዶውን አርሶት ለሠራተኛው ምግብ የሚበስልበት ጠፍቷል። “ዛሬ ካልፈለጥህ ነገ እጀታውን ሌላ ይይዘዋል” አለው።

እንዳላማው ቆሞ አሰበ። ተዝካሩ ለጥቅምት ተቀጥሯል። በበዓል እንጨት መፍለጥ ነውር መሆኑን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ግን የተከለከለው መጥረቢያ ማንሣት አይደለም? እሱ መጥረቢያ አያነሣም፤ የሚፈልጠው ዘይቱ ነው። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና ሞተሩን አስነሣ።

መጥረቢያ ቢሆን ማንም ባልሰማ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ሕዝቡ ጸበል ጠጥቶ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰ። ከቀትር በኋላ ደመና ከጮቄ ተራራ ተነሣ። በረዶው ያሸተውን ገብስ ከመሬት ጋር ደባለቀው። በካምፑ በኩል አንዲት ፍሬ እንኳ አልወረደችም።

በማግሥቱ ሽማግሌው ወልደ ሰንበት፣ ማሳቸው ባዶ የቀረ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ “በሚካኤል ዕለት ፈልጠህ በረዶ ያመጣህብን ለምንድን ነው?” ብለው ጠየቁት።

“አባባ፣ እኔ መጥረቢያ አላነሣሁም” አለ እንዳላማው። “የፈለጠው መኪናው ነው።”

“እንግዲያ በበዓል ያረሰም ‘የጎተተው በሬዬ ነው’ ይበል።”

ሰዉ ሳቀ። እንዳላማውን ከሁሉ የከበደው ግን ነገሩ እውነት ሆኖ መታየቱ ነው። “ከዚህ ሰው ደጅ እህል የቀመሰ ከእሱ ጋር ይቆጠራል” ብለው ሽማግሌው ፈረዱ።

የንስሐ አባቱ አባ አካለ ወልድ ቀኖና ሰጥተው፣ ቀኖናውን ሲፈጽም ፈቱት። “እኔ ፈትቼሃለሁ። ገብሱ ግን አልፈታህም” አሉት።

እሱ ግን ጥቅምት እስኪደርስ የሰው ልብ ይበርዳል ብሎ ጠበቀ። ለድግሱ የሚሆነውን እንጨት በመኪናዋ አላስነካም፤ የሰቀለውን መጥረቢያ አውርዶ በእጁ ፈለጠው። ዳስ ጣለ፣ ወይፈኑን አረደ፣ ጥሩነሽ ጠላውን ጠመቀች። አባ አካለ ወልድ ጸሎቱን አድርሰው ማዕዱን ባረኩ፤ ሳይቀምሱ ግን ተነሡ።

“ትንሽ እንኳ፣ አባቴ።”

“ሕዝቡን ትቼ ብቀምስ እኔንም ይተወኛል፣ ልጄ” አሉና እያዘኑ ሄዱ።

ረፋዱ አለፈ። ሰዎች በአጥሩ ሥር ወደ ማሳቸው አለፉ፤ ቀና ያለ የለም። ጥሩነሽ እንጀራው እንዳይደርቅ ደጋግማ ስትሸፍነው ዋለች። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከማዶ አንድ ሰው መጣ። ሙነወር ነበር።

“ምን ላቅርብልህ?” አለ እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ። “ሥጋው የኛ ነው፤ ጠላም አትጠጣ።”

“ቆሎ አለህ?”

“አለ።”

“እንግዲያ ድግሱ ሙሉ ነው።”

ሙነወር ከባዶው ዳስ ተቀምጦ ቆሎ ቆረጠመ፤ ውሃ ጠጣ።

“በተዝካር የቀመሰ ሰው ነፍስ ይማር ይላል” አለ እንዳላማው። “ለአባቴ ከእኔና ከጥሩነሽ በቀር ያለ የለም።”

“እኔ ብል ይቆጠራል?”

“አላውቅም።”

ሙነወር የያዘውን ቆሎ ከሰፌዱ መለሰ። “ስማቸው ማን ነበር?”

“አንሙት።”

“የአንሙትን ነፍስ ይማር።”

እንዳላማው የተረፈውን የእንጨት ክምር እያየ “አሜን” አለ። ያን ዕለት ግን አሜኑን ከሙነወር ሌላ፣ በሰማይም ቢሆን፣ የሰማው ይኖራል ብሎ ማመን አቃተው።