ተገልብጦ የገባው ሸራ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ያለው መካኒኬ እጁ የተባረከ ነው ይባላል። ይህን አዘውትሮ የሚለው ራሱ ነው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የሚያስደነግጥ ሰው ስለሆነ ግን የሚከራከረው የለም፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ "ጋሼ" እያልኩ አከብረዋለሁ።

የጭነት መኪናዬ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ መንሸራተት ሲጀምር ወደ እሱ ወሰድኩት። ፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚፋተገው ክብ ሸራም፣ ሸራው የሚያርፍበት ከባዱ ክብ ብረት፣ ቮላኖውም አልቀው ስለነበር ሁለቱንም አዲስ ገዛሁ። የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ አወረደና አዲሶቹን ገጠመ። ሸራውን በንጹህ ጨርቅ ጠርጌ ያቀበልኩት እኔው ነኝ። አንድ ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አየሁ፤ የፋብሪካው ስም መስሎኝ እንዲያበራ አድርጌ ወለወልኩት።

ሞተሩን አስነስቼ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጬ አንደኛ ማርሽ ላስገባ ስል መኪናው አጥንት እንዳገኘ ጅብ ተንቋቋ።

"ጋሼ፣ ማርሽ እምቢ አለ።"

"አዲስ እኮ ነው ያ ኢልማ፣ ልጄ። ሙሽራ በመጀመሪያው ቀን ትስቃለች እንዴ? ይላመዳል።"

እኔ ስጨቀጭቀው ከፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር አየር አስወጣ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ምርመራውን አጠናቀቀ፤ ጥፋቱ የግራ እግሬ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ዓመት የነዳሁበት እግር በአንድ ከሰዓት እንዴት ተበላሸ ብዬ አልጠየቅሁም። ምሁርን ማን ይጠይቃል?

በማግስቱ ከጊዳ አያና የአንዲት የፊዚክስ መምህርት ዕቃ ለማምጣት ቃል ገብቼ ነበር። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ አሁን ወደ ነቀምቴ የተዛወረች ሴት ናት። ቃል ቃል ነውና ሄድኩ። መላም አገኘሁ፦ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ ከዚያ ቁልፉን ስጠመዝዝ መኪናው እንደ ፌንጣ ዘሎ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጥኩ፣ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ ማርሽ እቀይራለሁ። ለመቆም ደግሞ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ይጠፋል።

አልጋዋን፣ ቁም ሣጥኗንና የመጻሕፍት ካርቶኖቿን ጭነን ስንመለስ ከጎኔ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ወንድሜ፣ በቆምን ቁጥር ሞተሩን የምታጠፋው ለምንድን ነው?"

"ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ቲቸር።"

"ሲነሳስ ለምን ይዘላል?"

"ጠንካራ ስለሆነ።"

ኬላ ላይ ጠባቂው ፈትሾ "ሂድ" አለን፤ መንገዱን የዘጋው ገመድ ግን ገና አልወረደም። ልማዴ ይዞኝ ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ መኪናው ወደ ገመዱ ዘለለ። ጠባቂው ወደ ኋላ አፈገፈገና መሣሪያውን አቀባበለ።

"ምን ሆነሃል አንተ!"

በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በአባቴ የወሎ አነጋገር ሳይቀር ይቅርታ ጠየቅሁ። መምህርቷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ እሱ ደግሞ ማመን አይፈልግም" አለችው። ጠባቂው ሳቀና ገመዱን አወረደ። እኔ ነቀምቴ እስክንደርስ አልሳቅሁም።

ከጋራዡ በታች ያለው ዳገት ላይ ባጃጅ ፊቴ ገብቶ አስቆመኝ። ጭነቱ ከባድ ነው፣ አቀበት ነው፤ ቁልፉን ብጠመዝዝ መኪናው አቃስቶ ቀረ። መካኒኬን ጠራሁት። ድንጋይ ጎማው ሥር አድርገን፣ እዚያው መንገድ ዳር ካምቢዮውን በድጋሚ አወረደ። መምህርቷ ከጭነቱ ላይ የራሷን ወንበር አስወርዳ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች፤ ፈተና የምትቆጣጠር ትመስል ነበር።

ሸራው ወጥቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ጋሼ፣ ስታወጡት ይህ ጽሑፍ ወደ እኔ ዞሮ ነበር፣ በካምቢዮው በኩል። ጽሑፉ ግን 'የቮላኖ ጎን' ነው የሚለው።"

"ባርሲስቱ፣" አላት መካኒኩ መምህርነቷን በኦሮምኛ እየጠራ፣ በትዕግሥት፣ "ጽሑፍ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው።"

"እንግዲያው በቦታው ነው የተጻፈው።"

አጎንብሼ አየሁ። የሸራው እምብርት ከቮላኖው ብሎኖች ጋር ሲፋተግ ውሎ ተልጧል። ፔዳሉን ብረግጥ፣ ብዘልበት፣ ብሳለምበትም ሊለቅ አይችልም ነበር። ፊደሎቹን ወልውዬ ያሳመርኳቸው እኔ፣ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ። ለልጆቼ "ተማሩ፣ አንብቡ" እያልኩ ጠዋት ማታ የምሰብክ ሰው ነኝ።

መካኒኩ ሸራውን ገልብጦ፣ ጽሑፉን ወደ ቮላኖው አዙሮ ገጠመው። ሲጨርስ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ።

ገንዘብ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። የመምህርቷ አዲስ ቤት ስንደርስ ቁም ሣጥኑን "ለሁለት እንያዘው" ስለው እንኳ አልሰማኝም፤ በዚያ ዕድሜው ብቻውን በጀርባው ተሸክሞ አስገባው። ላቡን እየጠረገ ወጣና በሩ ላይ ቆመ፤ ያ የሚያስደነግጥ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ።

"ገለቶሚ፣ ባርሲስቱ" አላት፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ከእሱ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእኔ እግር ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም።