ለዓሣዋ የተመረጠው ሌንስ

የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ ቸሩ፣ የቂርቆስ ሰፈር ፎቶ አንሺ ነበር። ሙያውን የተማረው አንድ አርመን ቤት ተቀጥሮ ነው፤ አርመኑ ጣሊያን ሲገባ አገር ጥሎ ሲሄድ ካሜራውንና ሁለት ሌንሶች ተወለት። በየሠርጉና በየክርስትናው ሰው ሲያነሣ ኖሮ፣ በ1931 ዓ.ም. ግን ዕጣው ዓሣ ሆነ።

እኔ ያኔ ገና በእናቴ ሆድ ነበርኩ፤ የምናገረው እሷ የነገረችኝን ነው። አባቴን ወልደአማኑኤልን «ለአርበኞች ጨው ልከሃል» ብለው ጣሊያኖች አስረውት ነበር። እስረኛ በመኪና እየጫኑ ባሕር ዳር ወዳለ ሩቅ እስር ቤት የሚያግዙበት ጊዜ ስለነበር እናቴ ተናኘወርቅ እንቅልፍ አጣች። አጎቴም ካዛንቺስ አዲስ ከተሠሩት የጣሊያን ቤቶች በአንዱ የሚኖር፣ የእስረኛ ጉዳይ የሚያይ ጣሊያን ሹም እንዳለ ሰምቶ ደጅ ጠና። ሹሙ የአጎቴን ሙያ ሲሰማ ፊቱ በራ። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚያኖራት አንዲት ቀይ ዓሣ ነበረችው።

«ቅርፊቷ እስኪታይ ድረስ አቅርበህ አንሣልኝ፤ የወንድምህን ነገር ያን ጊዜ አያለሁ» አለው።

ሰው ታስሮ ዓሣ ታማልዳለች! ግን ምን ይደረግ፣ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው።

አጎቴ ሁለቱን ሌንሶች አልጋ ላይ አስቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። ረጅሙ ከመስታወቱ ራቅ ብሎ ለማንሣት ይመቻል፤ ግን ብርሃን እስኪጠግብ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዓሣዋ ከተንቀሳቀሰች ትደበዝዛለች። አጭሩ ፈጥኖ ይይዛል፤ ግን ገንዳው ላይ ተለጥፎ መቆም የግድ ነው። የቀረችው ፊልም ደግሞ አንዲት ብቻ ናት።

«ሰውን አትነቃነቅ እለዋለሁ፤ ዓሣን ምን እላታለሁ?» እያለ ተጨንቆ አጭሩን መረጠ።

ሥራ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር ካፖርት ነበር የሚለብሰው። ያን ቀን ግን ለወንድሙ ሊለምን መሄዱም ነው። ሹም ፊት ሳያደገድጉ መቅረብ ድፍረት መስሎት፣ እናቴ ያጠበችለትን ነጭ ነጠላ ደረቱ ላይ አደግድጎ ሄደ። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ደረቱ ላይ አርፎ ሳለ ገንዳው ላይ ተጠግቶ አነሣ።

ፎቶው ሲታጠብ ዓሣዋ የለችም። መስታወቱ ላይ የአጎቴ ነጠላ አንጸባርቆ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፤ ከሥሩ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይታያል። ያን ሁሉ ዓመት የሠራ ሰው! ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ ማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም። አክብሮ ነው የሄደው።

ሹሙ አልተቆጣም፤ ሳቀ። «ሌላ ፊልም አስመጣለሁ፤ እንደገና ትሞክራለህ» አለው።

«የወንድሜስ ነገር፣ ጌታዬ?»

«መጀመሪያ ዓሣዋ።»

ፊልሙ ቶሎ አልመጣም። አጎቴ በየማለዳው ካዛንቺስ ይወጣል፤ ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል። እናቴ «ዛሬስ?» ትለዋለች። «ዛሬም አልመጣም» ይላታል። ከመመላለስ በቀር በእጁ ምንም አልነበረም።

በመጨረሻ ፊልሙ መጣ። ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ረጅሙን ሌንስ ይዞ ሄደ። ገንዳው ውስጥ ሌላ መስታወት አስገብቶ ዓሣዋን ጥግ አስያዛት፤ መሄጃ ስታጣ ቆመች። ፎቶው ያለ እንከን ወጣ። ሹሙ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት፤ የአጎቴንም ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ወንድሜስ፣ ጌታዬ?»

«እነሱማ ባለፈው ሳምንት ተጭነው ወደ ባሕሩ ሄደዋል። ቀደም ብለህ አምጥተኸው ቢሆን አስቀረው ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከፎቶው ሳያነሣ።

አባቴ ከዚያ አልተመለሰም፤ የት እንደተቀበረም አናውቅም።

አጎቴ ቂርቆስ ሲደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር። የተባለውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት። አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና፣

«ፎቶውስ አማረ?» አለችው።

«አማረ» አላት፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።