የእማማ ዲንቄ እንስራ

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አያቴ በሞቱ በማግስቱ፣ ጎሮ ባለው ግቢያችን ውስጥ ከተተከለው ድንኳን ጀርባ ቆሜ አንድ ውሸት ተናገርኩ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መሻሬን አንድ በአንድ ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህች ጋ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልናገር ነው። ጨዋታ ስለምወድ አስረዝም ይሆናል፤ ታገሡኝ።

እማማ ዲንቄ ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ አገሩ ሁሉ እርሻ ነው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ሜዳ ላይ የእሳቸው ላሞች ይግጡ ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ቤት ውያለሁ። ወተት ልቀበል እሄድና ጨዋታቸው ይዞኝ ይቀራል። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያዋዙ ሲያወሩ እንኳን እኔ፣ ላሟም ረጋ ብላ የምትሰማቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እያለቡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ በጣሊያን ጊዜ የሠሩትን ነገሩኝ። ገና ልጅ እግር ሳሉ ወተት ወደ ከተማ ይወስዳሉ፤ ሲመለሱ ለከብቶቹ ከጠላ ቤት አተላ በእንስራ አዝለው ይመጣሉ። ከአተላው ሥር ጥይት አለ። ጠላ ሻጯ የውስጥ አርበኛ ናት፤ ጥይቱን በጨርቅ ቋጥራ የምትከተው እሷ ነች። ኬላ ላይ የሚቆመው ወታደር ሽታውን ስለሚጠየፍ እጁን አይሰድም። አንድ ቀን ግን አንዱ ጠረጠረና እንስራውን አስወርዶ በሳንጃው ሊያማስለው ሲል፣ እማማ ዲንቄ እጃቸውን ሰደዱ፣ አንድ እፍኝ አተላ ዘገኑ፣ ጎረሱት። አኝከው ዋጡ። ደግመው ዘገኑና ለወታደሩ ዘረጉለት። ወታደሩ ምራቁን እንትፍ ብሎ በእጁ ምልክት አሰናበታቸው።

ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔ ግን የያዝኩት ጣሳ በእጄ ላይ ከበደኝ። እነዚያ ጡት የሚያልቡ ጣቶች ናቸው ያን ያደረጉት? ነፃነት ሲመጣ አርበኛ ምስክሩን እየጠራ ተመዘገበ፤ የእሳቸው ምስክሮች ጥይቱን የሚቀበሏቸው ልጆች ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ ዱር ውስጥ አልቀዋል። ጠላ ሻጯም አልተረፈችም። እሳቸውን ማን ይጠይቃል?

አያቴ ሲሞቱ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ "ለጣሊያን ሶላቶ ሲያጎበድድ የኖረ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለሱ ነው?" ሲል ጆሮዬ ሰማ። እውነቱን ልናገርና አያቴ ባንዳ አልነበሩም። ጣሊያን ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር፤ ልጅ ነበራቸው፣ እንጀራ ፈለጉ፣ በቃ። አርበኛም ግን አልነበሩም። እኔን ያቺ ቃል አንገበገበችኝ።

በእኛ ሰፈር ልማድ ሙሾ አውራጇ ከመጀመሯ በፊት ከቤተሰቡ አፍ ያለውን ሰው ወደ ጓሮ ጠርታ "ሟቹ በዕድሜያቸው ምን ሠሩ?" ትላለች። የነገሯትን በግጥም ታወርደዋለች። ለቅሶ ላይ የተባለውን ደግሞ ማንም ተነስቶ ሐሰት ነው አይልም፤ ነውር ነው። እኔን ጠራችኝ። እኔም የእማማ ዲንቄን ሥራ ለአያቴ ሰጠኋቸው። አተላውን ሰጠኋቸው፣ ጥይቱን ሰጠኋቸው፣ በእፍኝ የጎረሱትንም ሰጠኋቸው። እንስራውን ብቻ ወደ አህያ ጭነት ለወጥኩት። ወንድ እንስራ አያዝልማ።

ምን ነክቶኝ ነው? አያቴን ስለምወድ ነው? ወይስ ያን ሽማግሌ አፉን ለማስያዝ? ወይስ ነገሩ ያምር ስለነበረና የሚያምር ነገር በእጄ ስለገባ ብቻ? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ሦስተኛው ይመስለኛል። ይህ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ሙሾው ሲወርድ ድንኳኑ ተናወጠ። ሽማግሌው ራሱ ጋቢውን አውልቆ ደረቱን መታ። እማማ ዲንቄ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። የገዛ ሥራቸውን በሰው ስም ሲሰሙ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም። ትንሽ ቆይተው ተነሱ። አሁን ተዋረድኩ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ሙሾውን ተቀበሉና በዜማ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ልቤ እየመታ ስለነበር ቃሉን አልሰማሁትም። አጎቴ ጋሼ ግርማ፣ ለቅሶውን መድረስ ላልቻለችው ድሬዳዋ ላለችው እህቱ ሊልክላት፣ ሁሉንም በቴፕ ይቀዳ ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ እግሬን እየጎተትኩ ወተት ልቀበል ሄድኩ። እማማ ዲንቄ ቀዱልኝ፣ እንደ ልማዳቸው መረቁልኝ፣ ከዚያ አዩኝ።

"ጥሩ አድርገሽ ነው ያወራሽው" አሉኝ። "አህያዋን ግን ከየት አመጣሻት? እኛ ቤት አህያ ኖሮ አያውቅም።"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያን ነገር ዳግመኛ አላነሱትም። እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልኩም። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል።

ዕድሜ ሄደ። ኮምፒውተር በራሴ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ተማርኩና ሰሚት አካባቢ ፎቶ ኮፒና ስካን የምሠራበት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ቀን ቤዛ የምትባል ልጅ አሮጌ ፎቶዎች ይዛ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር የአርበኞችን ዲጂታል ማኅደር እየሠሩ ነው፤ ፎቶውን፣ ድምፁን፣ የቤተሰቡን ቃል ሰብስበው ማንም ሰው በስልኩ በነፃ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ያደርጉታል። ዋጋ መጠየቅ አሳፈረኝ። ውዬ አድሬ አብሬያቸው መሥራት ጀመርኩ። ጫፉ የተበላ ፎቶ መስታወቱ ላይ አስቀምጬ ብርሃኑ ሲያልፍበት፣ ጎፈሬ ያለው ልጅ ከስክሪኑ አፍጥጦ ያየኛል። ስሙን እጽፋለሁ። ያን ጊዜ እዚያ ሱቅ ውስጥ ቤተ መቅደስ የቆምኩ ያህል ጸጥ እላለሁ።

ታዲያ አጎቴ ካሴቱን ይዞ መጣ። አባቱን ሊያስመዘግብ። ደስታው ልብ ይነካል፤ ኮት ለብሶ ነበር። ቤዛ ካሴቱን አጫወተች፣ እኔ ኪቦርዱ ላይ ነበርኩ። "አርበኛው ማን ይባላል?" የሚለው ቦታ ላይ የአያቴን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ልጅ ነበርኩ እንበል። ይህንንስ ምን እንበለው? ሽበት አብቅያለሁ እኮ።

ጻፍኩት። ቴፑ ግን አልቆመም፤ የእማማ ዲንቄ ድምፅ መጣ። ያኔ ያልሰማሁትን አሁን ሰማሁት። በዜማ ስም ይጠሩ ነበር። ጥይቱን የተቀበሉትን ልጆች ስም፣ ከነአባታቸው፣ ከነፈረስ ስማቸው፣ የወደቁበትን ወንዝ ጭምር። አንዱን ጠርተው ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ድንኳኑ "ወይኔ!" ይላል፤ ሌላውን ይጠራሉ። እነዚያ ልጆች ተለቅሶላቸው አያውቅም። እሳቸው የእኔን ውሸት አገኙ፣ በሩ ሲከፈት አዩ፣ የራሳቸውን ሥራ ከደጅ ትተው ሙታኖቻቸውን ይዘው ገቡ። ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ እንዲህ ያለች ሴት ወተት እየቀዳችልኝ ነው ያደግሁት?

ቤዛ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማ ነበር። "እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው? ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ?" አለች።

"አላውቃቸውም" አልኩ።

አላውቃቸውም። በዚያች ቃል ውስጥ ሰበብ የለም፤ ሐዘን የለም፣ ልጅነት የለም፣ ሙሾ አውራጅ የለም። እማማ ዲንቄን ሁለት ጊዜ ዘረፍኳቸው፤ ሁለተኛው ላይ ስማቸውን ጭምር። ለሊሴ የምትባል የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ ጎሮ ተከራይታ ትኖራለች። ስልኳን ከፍታ ያን ገጽ ብታይ አያቷን አታገኝም፤ የእኔን አያት ነው የምታገኘው።

ሰው ይቅር በሉኝ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኔ ግን ይቅርታ የሚጠየቁት ስላለፉ ማንን እንደምለምን አላውቅም። ገጹን አስተካክሉ ብዬ ለቤዛ ከመንገሬ በፊት ግን መጀመሪያ መስማት ያለበት አጎቴ ነበር። ቤቱ ሄጄ ሁሉንም፣ የለሊሴንም ነገር ነገርኩት።

 "አባቴ ታዲያ ምን ነበር?" አለኝ።

"ድንጋይ ይፈልጡ ነበር ጋሼ።"

ልሸኝሽ እንኳ አላለኝም። የሆነውን የሰማሁት ከቤዛ ነው። በማግስቱ አጎቴ የልብስ ፋብሪካው ሠራተኞች ከሰርቪስ የሚወርዱበት ቦታ ሄዶ ለሊሴን እየጠየቀ አገኛት። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ነገራት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ደንግጣ ያዘችው። ቅዳሜ ሁለቱም ቤዛ ዘንድ ሄዱ። አጎቴ መቅጃው ፊት ተቀምጦ አባቱ አርበኛ እንዳልነበሩ፣ ሥራው የወይዘሮ ዲንቄ እንደሆነ በገዛ አንደበቱ ቃሉን ሰጠ። የአባቱን ፎቶ ከማኅደሩ አስወጥቶ በኪሱ ይዞ ሄደ። የእኔን ስልክ እስከ ዛሬ አያነሳም።